ከል የነከርኩት ቀሚስ

ዘሃራ እህቴ፣ የአልዩ አምባዋ ወዳጄ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ፊደል የማትለዪ ሴት ነበርሽ፤ በሕይወት ብትኖሪም ይህን ወረቀት ዘቅዝቀሽ ይዘሽ ትስቂብኝ ነበር። እኔ ግን ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። መሪጌታ አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ዳዊት እንድደግምበት ነው፣ ለዚህ እንዲውል አላሰበውም።

አንኮበርን ብታዪው አታውቂውም። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ ሴቱም ወንዱም ተከትሎ ነጎደ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የለበስኩትን አይቶ ደግም ክፉም የሚለኝ የለም። ባሌን ታውቂዋለሽ፤ ቄሱ ስልቻ ብለብስም ልብ አይልም። አማቴ አሁንም ታየኛለች፣ የምታየኝ ግን ጥፋት ፍለጋ ነው።

ድሮስ እሷ ያሰፋችልኝን አልነበር የምለብሰው? ለሁለት ሴት የሚበቃ ቀሚስ፣ እጅጌው ጣቴን የሚውጥ፣ መቀነቱ ዳሌዬ ላይ የተንዘላዘለ። አርብ ገበያ ፈትሌን ይዤ ቁልቁለቱን ወርጄ ካንቺ ዳስ ስደርስ፣ ከላይ እስከ ታች አይተሽኝ ጭነት የተሸፈነበት ጨርቅ መሰልሽኝ አልሽ። ተቆጥቼ ሄድኩ። በሚቀጥለው አርብ ግን ተመልሼ መጣሁ፤ ለምን እንደመጣሁም አልጠየቅሽኝ። መቀነቴን ፈትተሽ ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርገሽ አሰርሽው፣ እጅጌውን አንጓዬ ላይ ቆረጥሽው፣ ጎኑን አጠበብሽው። መልክ እንዳለኝ የነገርሽኝ ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልቀረሁብሽም፤ ያንን ዓይን የሚወጋ ቢጫ ሻሽሽን እስክትጥዪው ድረስ ነዘነዝኩሽ። የደገኛ ነጭ ነጠላ አለበስኩሽ፣ አማረብሽ።

ከዚያ ጥልፉ መጣ። ባልሽ ሸጦ ከተረፈው ቀይ ሐር ለቃቅመሽ ቀኙን እጅጌ አንቺ ጠለፍሽ፤ ሐሩ ላንዱ ብቻ ስለበቃ ግራውን እኔ በቀይ የጥጥ ክር ጠለፍኩ። ያንቺው ቀጥ ያለ ነበር። የኔው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ደጀ ሰላም ላይ ሴቶቹ ሳቁብኝ። ፈትቼ ላስተካክለው ስል እጄን ይዘሽ፣ «ተዪው፤ ከሩቅ ሲያዩሽ አንቺ መሆንሽ ይታወቃል» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስለብስ አማቴን መጠየቅ ተውኩ።

ንዳድ ይዞሽ መተኛትሽን አልሰማሁም። ወሬው ሲደርሰኝ ከተቀበርሽ ሦስተኛ ቀንሽ ነበር። ከለቅሶሽ ስመለስ አማቴ በጎረቤት ፊት የቄስ ሚስት ለእስላም ከል አትለብስም አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ከል የሚነከርበትን ቅጠልና ጥቁር ጭቃ አፍልቼ ያንኑ ቀሚስ ማሰሮው ውስጥ ከተትኩት። ሌላ አሮጌ ቀሚስ ነበረኝ እኮ። እኔ ግን ላንቺ ማጥቆር የፈለግሁት ያማረውን ነበር። ምን ልበልሽ፣ ጥልፉን ጭራሽ አላሰብኩትም።

ዓመትሽ ሲሞላ ከሉን አውልቄ ወንዝ ወረድኩ። በእንዶድ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ ደግሜ አጠብኩት። ነጩ የአይጥ መልክ ይዞ ቀረ። የኔው የጥጥ ጥልፍ ጠቁሮም ቢሆን አለ። ያንቺን ሐር ግን ከሉ በልቶት ኖሮ በጣቴ ስነካው ረገፈ። በሁለት እጄ ልሰበስበው ሞከርኩ፣ ውሃው ወሰደው። ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ስትሞቺ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ ይቅር በዪኝ።

ለነፍስሽ እንዳላስቀድስ በኛ ቤተ ክርስቲያን ስምሽ አይጠራም። መቃብርሽ ላይ እንዳልቀመጥ ለወገኖችሽ ባዳ ነኝ። በላይኛው ቤት እንገናኛለን እንዳልልሽ ደግሞ ባሌም ያንቺ ሼህም አይፈቅዱልንም። ከእጅሽ ሥራ የቀረኝ ያ ጥልፍ ብቻ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ባሌ ለፋሲካ አዲስ ቀሚስ አሰፍቶልኛል። መቀነቱን አንቺ ባሰርሽው ቦታ አስሬ ለካሁት። ግራ እጅጌውን በዚያው በሰካራም ስፌቴ ጠልፌ ጨርሻለሁ። አማቴ ቀኙስ መቼ ነው እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እስክገነዝ ድረስ የምለብሰው ቀሚስ ሁሉ ቀኝ እጅጌው ባዶ ይሆናል። ክር ሳይተርፈኝ ቀርቶ፣ ወይም ሰንፌ ይምሰላቸው። ቀኙ ያንቺ ነው፤ አልነካውም።

እህትሽ ወለተ ሥላሴ፣ ከአንኮበር