አባዬ ያየው ነጭ ፒካፕ

ሐሙስ

አባዬ ማግኔቷን አጣት። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ስናተራምስ አረፈድን። አልጋ ሥር የለችም። የመፍቻው ሳጥን ውስጥ የለችም። በመጨረሻ ሻይ ላፈላ ስል ከስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘኋት። «አንቺ ነሽ የከተትሻት» አለኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ምን ልበል።

ከአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ የወጣች ማግኔት ናት፤ በመሐረብ ጠቅልሎ ይይዛታል። ያገለገለ መኪና ሲያይ በሩም ላይ፣ ጎኑም ላይ ያስጠጋታል። ብረት ከሆነ ትይዛለች። ዝገት በልቶት በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም የተቀባ ከሆነ ትወድቃለች። በዚህ ዝናብ በማያባራበት አገር መኪና ከላይ እያብረቀረቀ ከሥሩ ያለቀ ነው። ስለዚህ ሚዛን ከተማ ውስጥ መኪና ልገዛ ነው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጋሽ ጳውሎስ አይተውታል?» ተብሎ ነው። አባዬ አይቶ ደህና ነው ካለ በኋላ ለሌላ ሰው ማሳየት ነውር ነው።

ነገ ቴፒ ወርደን ፒካፕ እናያለን። የምነግደውን ኮረሪማና እርድ በሰው መኪና እያስጫንኩ፣ ባለመኪናው ሲቀር እየሻገተብኝ፣ እስከ መቼ? ያጠራቀምኩት ለአንድ መኪና ነው። ለስህተት የሚተርፍ የለውም።

ፍርሃቴንም ልጻፈው። በቀደም «አስቴር» ብሎ ጠራኝ። ትናንትም ደገመው። አስቴር እናቴ ናት፤ ከሞተች ቆየች። ግን መኪና ሌላ ነው። መኪና አይጠፋበትም። ይኸው ሰማያዊ ቱታውን ራሱ አጥቦ አስጥቶታል።

ዓርብ

ደክሞኛል፤ ካልጻፍኩ ግን አልተኛም።

ፒካፑ ነጭ ነው፣ ያምራል። ደላላው «ጋሽ ጳውሎስ ከመጡማ እኔ ምን አፍ አለኝ» እያለ ወንበር አቀረበ። አባዬ አልተቀመጠም። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ጭሱን አየ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ከሥር ገብቶ ወጣ። ሁሉም እንደ ድሮው። ደስ አለኝ። ከዚያ ማግኔቷን አወጣና በሩ ላይ አስጠጋት። አልያዘችም። መሬት ወደቀች። አነሳት፣ በቱታው ጠረጋት፣ «ብረቱ ደህና ነው» አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ደላላውም አይቷል፤ ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

አባዬ ከመኪናው ባለቤት ጋር ሲጫወት ነጠላዬን አስቀምጬ ከሥር ገባሁ። ሻንሲው፣ መኪናውን የሚሸከመው ብረት፣ መሀሉ ላይ ተሰብሮ ተበይዷል፤ ላዩን ሬንጅ ለቅልቀውበታል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያልሻረው አንድ ሕግ አለው፦ ሻንሲው የተበየደ መኪና አይገዛም፤ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከሥር ስወጣ ግን «ይሄ ይገዛል» እያለ ነበር፣ የተሰበሰበው ሁሉ እየሰማው።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴን እንዴት አድርጌ ላርመው? «ነጭ አልወድም፣ ጭቃ ያሳያል» አልኩ። ሳቁብኝ። ሴትና መኪና አሉ። ይሳቁ።



ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። ኮረሪማው ሄደ፣ እርዱ ቀረ። አባዬ ላገኘው ሁሉ «ደህናውን መኪና ለቀለም ብላ ተወችው» እያለ ይከሰኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ለራት የሠራሁት ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመርኩበት፤ እሱ ጠርጎ በላው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለጨው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

እሑድ

ከጸሎት ቤት ስንመለስ ኸዲጃ ከሱቋ ጠራችኝ። ቤተሰቦቿ ከጅማ የመጡ ናቸው፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። «ማርቲዬ፣ ካልተቀየምሽኝ ያንን ነጩን ነስሩ ሊወስደው ነው። ጋሽ ጳውሎስ ደህና ነው ብለውታል ብሎ ደላላው ደወለለት። ነገ ይወርዳል።»

ነስሩ ወንድሟ ነው። ቡና ለቃሚ ወደ ሸኮ ሊያመላልስበት ነው። ኋላው ላይ ሰው ጭኖ፣ በዚያ ቁልቁለት። ያ ደላላ ማግኔቷ ስትወድቅ በዓይኑ አይቶ የአባቴን ስም ይሸጣል።

እኔስ ምን አልኩ? እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ወጣሁ። ራሴን ጠላሁት። ብናገር ወሬው ከተማውን ያዳርሳል፣ ከእንግዲህ አባዬን የሚጠራው የለም። ቱታውን ለብሶ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው እኮ የሚጠራው ሰው እየጠበቀ ነው። ዝም ብል ደግሞ የሚሆነውን መጻፍ አልችልም። እናቴ ብትኖር «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ትለኝ ነበር። እሷ የምትለው ለሌላ ነገር ቢሆንም።

ሰኞ

ኸዲጃ ሱቋን ሳትከፍት ደረስኩ። ነስሩ ጫማውን እያሰረ ነበር። የመጣው ይምጣ ብዬ ሁሉንም አወጣሁት፤ ማግኔቷን፣ ሻንሲውን፣ የስኳሩን ቆርቆሮ፣ አስቴር እያለ የሚጠራኝን። ነስሩ ጫማውን መልሶ ፈታ።

ኸዲጃ አልደነገጠችም። «እኛ እኮ እናውቃለን» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጠዋት ሳሙና ገዝተው ሄደው፣ ተመልሰው ያንኑ ሳሙና ይጠይቁኛል። ወስደዋል እኮ ማለት ይከብደኛል። አልቋል ጋሼ እላቸዋለሁ።»

«ታዲያ እያወቃችሁ ቃሉን ለምን አመናችሁት?»

«መኪና አይጠፋባቸውም ብለን ነዋ።»

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሐሙስ ዕለት እዚሁ ጽፌዋለሁ። ሱቁ ሳይከፈት ሁለታችን ተላቀስን።

ማክሰኞ

ነስሩ አመሻሽ ላይ መጣ። አባዬ በረንዳው ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና «ጋሼ፣ እንዳሉኝ ያንን ነጩን ተውኩት» አለው። አባዬ ተወው አላለውም ነበር፤ ነስሩ ክብሩን ሊጠብቅለት ነው። ጌታ ይባርከው።

አባዬ «ደግ አደረግህ። ሻንሲው የተበየደ ነው» አለ።

ስለ ሻንሲው ለእሱ የነገረው ሰው የለም። ዓርብ ከሥር ገብቶ አይቶት፣ ሳይወጣ ረስቶት ነበር? ወይስ ድሮ የሚለውን ነው የደገመው? ልጠይቀው አልኩና ፈራሁ።

ነስሩ ከግቢው ሲወጣ አባዬ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። ነስሩ እዚህ ግቢ ነው ያደገው።

አማን ከተማ ሌላ ፒካፕ አለ ይላሉ። ለመካኒክ አስቀድሜ አሳየዋለሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። በማግሥቱ አባዬን ቱታውን አስለብሼ እወስደዋለሁ።

ማግኔቷን በረንዳው ላይ ወድቃ አገኘኋት። መሳቢያ ውስጥ ልቆልፍባት ነበር፤ ተውኩት። ከስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳት። ነገ ፈልጎ ሲያገኛት «አንቺ ነሽ የከተትሻት» ይለኛል። አሁን እውነቱን ነው።