የዘምዘም ወፎች

መስከረም 23፣ ጠዋት

ሁሉንም መለሷቸው። ዐደይ አበባ ከነጤዛው፣ ዐደይ አበባ ከነንቡ፣ ዐደይ አበባ ከጦሳ ተራራ ጋር። «ተመሳሳይ ምስል በብዛት አለን» ይላል የፎቶ መሸጫው ድረ ገጽ። አውቃለሁ እኮ! ቅዳሜ ቅዳሜ ለፎቶ ተማሪዎቼ ስለፈልፍ የምውለው እኔው ነኝ፦ የምትጠልቅ ጀንበር አታንሱ፣ ጭላዳ አታንሱ፣ ሐይቅ ላይ ታንኳ አታንሱ፣ ዓለም ጠግቦታል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ እኔ ራሴ ዐደይ አበባ ሥር በደረቴ እተኛለሁ። አትሳቅብኝ፣ ደብተር።

የደሴ ፒያሳ ገና አልሞቀም። ጉም። ፎቶ ቤቴ ለፓስፖርት ፎቶ የመጣ አንድ ሰው ብቻ። ዘምዘም ደወለች። ከተማሪዎቼ አንዷ ናት፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አጎቷ ከሳዑዲ ያመጣላት አሮጌ ካሜራ አላት። ማንም ያላነሳው ነገር አገኘሁ፣ እሁድ ውረድና እይ ትላለች። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚያሳየኝ ጀንበር ነው።

መስከረም 25፣ እሁድ ማታ

ጀንበር አይደለም።

ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያወርደው በኩል፣ አንድ ግራር አለ። ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች ሰፍረውበታል። ይሄማ የትም አለ። ጉዱ ጎጆው ነው። ከፋብሪካው የሚጣለውን ቁርጥራጭ ክር እየለቀሙ ከሣሩ ጋር ይሸምኑታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። አንዱ ጎጆ አፉ ዙሪያውን ቀይ ነው። ወንዱ ሰማያዊ ክር ነክሶ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ሲቋጥር አየሁት።

ዘ. ከሌሊት ሺፍት ስትወጣ ነው ያየቻቸው። ወፎቹ እስኪለምዷት ድረስ ስትመላለስ ከረመች። እኔ በአንድ ጠዋት፣ በረጅሙ ሌንሴ፣ ጎኗ ቆሜ አነሳሁ። ስንለያይ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ወላሂ አልኩ። እሷ ያነሳቻቸው ያሉበትን ሚሞሪዋንም ሰጠችኝ፤ በፎቶ ቤቱ ኢንተርኔት፣ በራሷ ስም እንድጭንላት። ድረ ገጹ እስከዛሬ አንድም ፎቶ አልተቀበላትም። ይሄ ካለፈ እገፋበታለሁ፣ ካላለፈ ግን ካሜራ ይቅርብኝ አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም ሳቅኩ።

ቀንቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

መስከረም 27፣ ከሰዓት

የራሴን ቀድሜ ጫንኩ።

መስመሩን ልሞክረው ብዬ ነው። ውሸት። ማንን ነው የማታልለው? ቀድሞ የገባው እንደሚያልፍ፣ ተከትሎ የመጣው እንደሚመለስ ከኔ በላይ የሚያውቅ ደሴ ውስጥ የለም። የኔን እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ የሷን እጭናለሁ አልኩ። መብራቱ የእውነት ሄዷል፣ ይህን መዝግብልኝ። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ቅር እንዳላለኝም መዝግብ።

መስከረም 30

የሷን ጫንኩ። መብራት የመጣው ከትናንት ወዲያ ነበር።

ጥቅምት 3

የኔ አለፉ። ሁሉም! አንዱንማ «አዲስ ዕይታ» ብለው ፊት ገጻቸው ላይ አወጡት። ማኪያቶ አዘዝኩ። ለካፌዋ ልጅ ሳይቀር በስልኬ አሳየኋት፤ ውይ፣ ሹራብ የለበሰ ጎጆ አለች። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ የሷ መልስ መጣ። ተመሳሳይ ምስል አለን ይላል። ተመሳሳዩ እኔ ነኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር የማልኩት። አልተናገርኩም፤ ለዓለም አሳየሁ እንጂ።

ጥቅምት 4

መጣች። ከሺፍት በቀጥታ ናት፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። የድረ ገጹን መልስ፣ እንግሊዝኛውን እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። የራሴን ገጽ እንዳታይ ስክሪኑን ወደኔ አዞርኩት። የተለመደ ነገር ነው ያነሳሽው ማለታቸው ነው አልኳት። ክር የሚሸምን ወፍ የተለመደ ነው ወይ አለች። ዓለም ሰፊ ነው፣ ህንድ አገር ሳይኖር አይቀርም አልኩ። ህንድ! ከየት እንዳመጣኋት እኔም አላውቅ። ትንሽ አሰበችና ህንዶችም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላቸው አለች። ውሸቴን ራሷ አቃናችልኝ።

ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ደግሞ እኔኑ አጽናናችኝ፦ «አብሽር ጋሼ፣ አንተ ምን ታደርግ? የቻልከውን ለፍተህልኛል፣ አላህ ይስጥህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዘ. ከትምህርት ቀረች። ቀርታ አታውቅም።

የዛሬው ርእስ ያው ነው፤ ሰው ያልደረሰበትን እንዴት እናገኛለን። ሌላ ጊዜ ይህን ሳስተምር አንደበቴ ይፈታል፣ ቀልድ አይጠፋኝም። ዛሬ ተንተባተብኩ። አንዱ ተማሪ ለምሳሌ ምን ብሎ ጠየቀ። ምሳሌው አፌ ላይ ነበር፣ ግራሩ፣ ክሩ። አመመኝ ብዬ ቀድሜ ለቀቅኳቸው። ማመሙንስ አሞኛል።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ካሜራዋን ይዛ መጣች። ሽጥልኝ አለች። ሌላ ሰው ያሞኘኛል፣ አንተን ነው የማምነው አለች።

እስቲ ቆይ፣ አትቸኩይ አልኳት። ተስፋ መቁረጥ አይደለም አለች። የማየው ነገር ሁሉ ሌላ ሰው አስቀድሞ ያየው እየመሰለኝ ነው፣ በግራሩ ሥር ሳልፍ እንኳ ቀና ማለት ትቻለሁ አለች። እኔ የወሰድኩባት ፎቶ ብቻ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ማየት አቁማለች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ባትሪው አብሮ ይሸጣል ወይ የሚል ነው።

ካሜራው የመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ተቀምጧል፣ ፊት ለፊቴ። ሸፍኜው ነበር፣ መልሼ ገለጥኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 12፣ ማታ

ሠርግ የሚያነሳ አንድ ሰው ካሜራዋን ጠየቀ። ተበላሽቷል አልኩት። አበራው፣ ይሠራል። ታዘበኝ። ነገ ጠዋት ተመልሼ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ።

እሱ እንደወጣ ምስሎቼን ከድረ ገጹ ላይ ሰረዝኳቸው። መላው ቀላል መሰለኝ፦ የኔ ከጠፋ የሷን ደግሜ እጭናለሁ፣ ያልፍላታል፣ ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ እላለሁ፣ ካሜራዋን እመልሳለሁ። ማንም ሳያውቅ። በጣም አማረኝ።

ግን እንኳን ደስ አለሽ ስላት ታመሰግነኛለች። ትመርቀኛለች። ታውቀኛለህ፣ አሜን ብዬ እቀበላለሁ። ይህንስ አልችልም ብዬ ልጽፍ ነበር። እችላለሁ። የሚያስፈራኝም መቻሌ ነው።

እነግራታለሁ። በስልክ አይደለም።

ጥቅምት 13፣ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ

ሰውዬው ሳይመጣ ካሜራዋን ይዤ፣ ፎቶ ቤቱን ቆልፌ በሚኒባስ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ሁሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። «መብራት ሄዶ» የሚል ሾልኮ ገባ፣ አወጣሁት። «ክፉ አስቤ አይደለም» የሚልም ነበር፣ እሱንም አወጣሁት። የቀረው አጭር ነው፦ ፎቶሽ የተመለሰው እኔ ቀድሜ ስለጫንኩ ነው፣ አውቄ ነው ያደረግኩት።

የፋብሪካው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ቀደም ብዬ ስደውልላት ደነገጠች፤ ምነው በጠዋቱ፣ ሰው ሞተ እንዴ አለች። አይ፣ ደህና ነው አልኩ። ደህና!

ሌሊት ያደሩት መውጣት ጀመሩ። ከሻሾቹ መሃል የሷን ለየሁት። አየችኝ። ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ በአገጯ ወደኔ ትጠቁማለች። ድምፅዋ እዚህ ይሰማል። ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ወፎቹን ያሳየሁት ለሱ ብቻ ነው ትላታለች። እየሳቀች ወደኔ እየመጣች ነው። ካሜራዋን ከጀርባዬ ደብቄዋለሁ፣ ለምን እንደደበቅኩት አላውቅም፣ አስፋልቱን መሻገሯ ነው፣ ልነሳና ልንገራት…