በውሰት ስለ ተወሰዱት የቁስቋም ልጆች

ጎንደር፣ ኅዳር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ዳኛው ክንዱ
የሕፃናት መዋያ ቤት የበላይ ሹም
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ሰሞኑን ቀለም የተቀባው የቢሮዎ ግድግዳ ሳይቀር ሁሉም ደኅና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ይዞኛል፤ ይህ ግን ለክቡርነትዎ የሚነገር አይደለም።

ባንቺአየሁ እባላለሁ። የምኖረው ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ እሸጣለሁ። ከአባቴ ከቄሱ ዳዊት ደግሜ፣ ኋላም እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ መልስ አጥቻለሁ። ምናልባት ፖስታውን የሚከፍትልዎ ሰው አጥተው ይሆናል ብዬ ይኸኛውን ሳላሽግ፣ አገር እንዲያነበው አድርጌ ልኬዋለሁ። ቴምብርም ለጥፌበታለሁ። ማመልከቻ ስላልሆነ አያስፈልገውም ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን በእርስዎ ቢሮ ያለ ቴምብር የተነበበ ነገር ስላላየሁ ጥንቃቄ አደረግሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና። ጠቅላይ ግዛቱ ለሠራተኛ እናቶች ልጆች መዋያ ቤት ሊያሠራ ነው ተብሎ በገበያ ሲነገር ከሰሙት አንዷ እኔ ነኝ፤ እልል ካሉትም አንዷ እኔ ነኝ። ቢሮ ጠራጊዎቹ፣ ልብስ አጣቢዎቹ፣ እኛ ቸርቻሪዎቹ፣ ከፒያሳው በታች ድንጋዩ ሲደረደርና ቆርቆሮው ሲመታ በሄድን በመጣን ቁጥር ቆመን አይተናል። እውነትም ሸጋ ቤት ነው። አልጋው ሃያ አራት ነው ሲባል ደግሞ የሰፈራችንን ልጆች አልጋ በልባችን መርጠን ጨርሰን ነበር።

ታዲያ ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ጸሐፊዎ አቶ ይባረክ ላብ በላብ ሆነው ወደ ቁስቋም ወጡ። ለካ በመዝገቡ የሰፈረው ልጅ አራት ብቻ ኖሯል። አራቱም የሹማምንት ልጆች ናቸው፤ በየቤታቸው ሞግዚት ስላላቸው ለምረቃው ቀን አይመጡም ተብሏል። እንግዶቹ ደግሞ ባዶ አልጋ ለማየት አይመጡም። ስለዚህ አቶ ይባረክ ሃያ ልጆች ለአንድ ቀን ብቻ እንድናውሳቸው ለመኑን። እኛ ሰፈር ወንፊት እንዋዋሳለን፣ ሙቀጫ እንዋዋሳለን፣ ለድግስ ድስት እንዋዋሳለን። ልጅ ሲዋሱ ግን ያን ቀን ገና አየን። ቢሆንም ለመንግሥት ነው ብለን አጥበን፣ ቅቤ ቀብተን ሰደድናቸው።

ነጭ ሽርጥ ለበሱ። ወተት በኩባያ፣ ዳቦ በእጃቸው ተሰጣቸው። ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። አልጋው ላይ እንኳ አልወጡም፤ አንሶላው እንዳይጨማደድ ተብሎ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሽርጡ ከላያቸው ወልቆ፣ በሩ ላይ ተቆጥሮ፣ ልጆቹ ተመለሱልን። አንድ ሽርጥ ጎደለ ብለው የጻፉልን ደብዳቤም ደርሶናል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ከሃያዎቹ አንዷ ይመኙሽ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ እናኑ ጎረቤቴ ናት፤ የእርስዎን ቢሮ የምትጠርገው፣ ውሃውን የምትቀዳው ያቺ ቀጭኗ ሴት። ምናልባት ፊቷን አያውቁት ይሆናል፤ እርስዎ ሲያልፉ አንገቷን ደፍታ ነውና የምታሳልፍዎ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ገና ጎሕ ሲቀድ ስትወጣ የይመኙሽን እግር በመቀነቷ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስራ ትሄዳለች። አይደንግጡ ክቡር ሆይ፤ እኔም ሁለቱን ልጆቼን እንዲሁ አስሬ ነው ያሳደግሁ። አንዱ ዛሬ ወታደር ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምልክቱ አለ፣ ሲጠይቁት በልጅነቴ ወድቄ ነው ይላል፣ ነውሬን ሲሸፍንልኝ። ልጅን ከእሳትና ከገደል የሚጠብቅ ሌላ ሰው ከሌለ ምን ይደረጋል? እኔ ገበያ በማልውልበት ቀን እኔ ጋ ትውላለች፤ በምውልበት ቀን በስድስት ሰዓት ሮጥ ብዬ አይቻት እመለሳለሁ።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ የቀረውን ምስጋናዬን፣ የቢሮ ሰው ቁጥር ይወዳል ስለሚባል፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ክፍያው። ለአንድ ልጅ በወር አሥራ ሁለት ብር መሆኑን አንብበናል። የጠራጊ ደመወዝ አሥራ አምስት ብር ነው። በሦስት ብር እናትና ልጅ ኪራይ ከፍለው፣ በልተውና ለብሰው ወሩን እንዲዘልቁ ይህን ሒሳብ ያወጣውን ሰው ባገኘው፣ በርበሬዬንም እንዲቸረችርልኝ እለምነው ነበር። ለቢሮው በቅሎዎች ገብስ ግን ከጠቅላይ ግዛቱ በጀት እንደሚወጣ ሰምተን ደስ ብሎናል። በቅሎ ከደመወዟ አይቆረጥባትም።

2ኛ. ስለ ሰዓቱ። ቤቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተከፍቶ በስድስት ይዘጋል፤ ከቀትር በኋላም ከስምንት እስከ አሥር ይከፈታል። ጠራጊዎች ሥራ የሚገቡት በአሥራ ሁለት ነው፤ ሹማምንት ሲመጡ አቧራ እንዳይቀበላቸው። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ልጁ የት ይቆይ? ይህ ሳይታሰብ ቀርቶ አይደለም፤ የሚመለከተን ሰዎች ሳንጠየቅ ታስቦ ነው እንጂ።

3ኛ. ስለ ዋሱ። ልጅ ለማስመዝገብ በከተማው የራሱ ቤት ያለው፣ የወር ደመወዝ የሚበላ ዋስ ይጠራል። እናት ለልጇ ዋስ መሆን አትችልም ተብሏል። እኔ የዋኋ፣ ልጁን የምትረከቡት እናንተ ስለሆናችሁ ዋስ የምትጠሩት እናንተ መስሎኝ ነበር። አቶ ይባረክ እንዳስረዱኝ ግን የሚፈራው ለብርድ ልብሱ ነው።

4ኛ. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ።

በምረቃው ማግስት እናኑ እንደ ወትሮዋ አስራት ሄደች። ይመኙሽ ግን ትናንት የት እንደ ዋለች ታውቃለች። የሦስት ዓመት ልጅ ስለ ውሰት ምን ታውቃለች? ወተት ያለበት ቤት አይታለች፣ በቃ። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ቁልቁል ወረደች። የቀሃን ወንዝ በምን እንደ ተሻገረች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ተሻግራ ከመዋያው በር ደረሰች።

ዘበኛው አያ ወልደ ገብርኤል ለይተዋታል። ይህን ራሳቸው እያለቀሱ ነው የነገሩኝ፤ ስለ ነገሩኝም እንዳይቀጧቸው እለምናለሁ። ያልተመዘገበ ልጅ እንዳይገባ በእርስዎ ፊርማ የወጣው ትእዛዝ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እሳቸውም ደመወዝ የሚበሉት በዚያ ትእዛዝ ነው። ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጧትና ጥጉ ላይ አስቀመጧት። የእንግዳ ማኪና መጥቶ በር ሊከፍቱ ዞር ብለው ሲመለሱ ልጅቱ የለችም።

እኔ በስድስት ሰዓት ቤቱን ብከፍት ምሰሶው ላይ ያለው መቀነቱ ብቻ ነው።

ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍልዎ። ያላየነው ጉድጓድ፣ ያልጠየቅነው መንገደኛ የለም። እናኑ ከአጥር አጥር ትሮጣለች፤ የምጣራው እኔ ነኝ። ከላይ ከተራራው ዘንቦ ኖሮ ቀሃ ደፍርሶ ይሞላ ጀምሯል። እንጨት ሻጮች ከወንዙ መካከል አንድ ድንጋይ ላይ ቆማ አገኟት፤ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር። አላለቀሰችም። አዝላ ያወጣቻት ሴት እንዳለችኝ ልጅቱ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዛሬ ምነው ዘጉት?»

እናኑ ልጇን ስትፈልግ የዋለችበት የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆርጦባታል። ግማሽ ብቻ በመሆኑ ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ። ልጅቱም ብትስል እንጂ ደኅና ናት።

5ኛ. ስለ ፎቶግራፉ። በመስታወት ገብቶ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሏል አሉ። መካከሉ ላይ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ የምትስቀው ይመኙሽ ናት። መስታወቱን በየማለዳው የምትወለውለው እናኑ ናት። ልጇን ቤቷ አስራ መጥታ፣ በቢሮዎ የልጇን ፊት ትወለውላለች። ለዚህ ምስጋናም ቅሬታም አላገኘሁለትም፤ ቁጥር ብቻ ሰጥቼው አልፌያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው እሑድ አቶ ይባረክ እንደገና ላብ በላብ ሆነው መጡ። ከአዲስ አበባ አንድ ተቆጣጣሪ የፊታችን ሐሙስ ቤቱን ሊጎበኙ ነው፤ ሃያ ልጅ ይፈለጋል፤ በተለይም ያቺ የምትስቀዋ እንዳትቀር ተብሏል። እናኑ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሥራ ታስወጪኛለሽ እያለች ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ እጄን ይዛ ስትለምነኝ ነበር። እሳቸው ወጥተው በሩ ሲዘጋ ግን ዞር ብላ፣ «ጻፊው ባንቺአየሁ፤ ስሜንም ጻፊው» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሃያዎቹ እናቶችና እኔ ተሰብስበን፣ መክረን፣ ልጅ የማዋስ ደንብ አውጥተናል። አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ በርዎ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ገልብጠነው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በከተማው የራሱ ቤት ያለው ዋስ ይቅረብ፤ ተበዳሪ ለራሱ ዋስ መሆን ስለማይችል ክቡርነትዎ አይቆጠሩም። ክፍያው በቅድሚያ ይሆናል፤ ልኩም ከእናንተ የተማርነው ነው፣ ከወር ደመወዝዎ ከአምስቱ እጅ አራቱ። ልጆቹን የምናስረክበው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ተረካቢ በር አይከፈትም።

ይህ ከከበደዎ፣ እኛም እንደሚከብድ ስለምናውቅ፣ ሌላ መንገድ አለ። ጠራጊና ቸርቻሪ እናት በወር አንድ ብር ትክፈል፤ የቀረውን ጠቅላይ ግዛቱ የበቅሎዎቹን ገብስ ከሚያወጣበት ካዝና ያውጣ። ቤቱ በአሥራ ሁለት ይከፈት፣ እናቶች ከሥራ ሲወጡ ይዘጋ። እናት ለእናት ዋስ ትሁን። ይህ በእርስዎ ፊርማና ማኅተም እስከ ረቡዕ ማታ በሩ ላይ ከተለጠፈ፣ ሐሙስ ጠዋት አልጋው ሁሉ ይሞላል፤ በውሰት ሳይሆን በመዝገብ። አንሶላውም ይጨማደዳል።

ካልተለጠፈ ደግሞ እንግዳዎ ሃያ አራት የተነጠፈ አልጋ ያያሉ። ልጆቹንም ማየት ከፈለጉ ቁስቋም ድረስ ብቅ ይበሉ። የትም አይሄዱም፤ በየቤታቸው፣ በየምሰሷቸው ይጠብቋቸዋል።

እድሜዎን ያርዝመው፣ ወንበርዎን ያጽናው፣ ያ ፎቶግራፍም ሁልጊዜ ከራስዎ በላይ እንደ ተሰቀለ ይኑር እያልኩ፣ በእጅጉ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ አክባሪ
ባንቺአየሁ፣ ከቁስቋም፣ ስለ ሃያው እናቶች

ግልባጭ፦
– ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ተቆጣጣሪ፣ ከማኪናቸው ሲወርዱ በእጃቸው የሚሰጥ
– ለገበያው ሕዝብ፣ ቅዳሜ ጮክ ተብሎ የሚነበብ

ማስታወሻ፦ ስለ ጎደለው ሽርጥ ረስቼ አልነበረም። ሽርጡ አልጠፋም፤ ይመኙሽ ከቀሚሷ ሥር ደብቃው ወጥታ ኖሯል። የእናቷን መቀነት በጥርሷ መፍታት ስለ ለመደች፣ ከወንዙ ከወጣች ወዲህ የምትታሰረው በእሱ ነው። የመንግሥት ጨርቅ ጠንካራ ነውና እስካሁን አልፈታችውም። በአስቸኳይ ይመለስ ብለው ስለ ጻፉ፣ ቤቱ ክፍት ነው፤ መጥተው ቋጠሮውን በእጅዎ ይፍቱና ይውሰዱት።