ያልተቆጠሩት ውርወራዎች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ቀኝ ክርንህ ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ቀድሞ ይነግርሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ጋ ሙቀቱ ሰው ሊጨርስ ነው እንጂ ሁላችንም ደህና ነን። በሬዲዮ ሳትሰማ አትቀርም፤ የማሰለጥነው የትምህርት ቤታችን ቡድን ለአውራጃው የቤዝቦል ፍጻሜ ደርሷል። ነገ ካሸነፍን ለአገር አቀፉ ውድድር ኮሺየን እንገባለን፤ አባታችን ዕድሜውን ሙሉ አሰልጥኖ ሳይረግጠው የሞተው ሜዳ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገብቶኝ ቁጭ ብያለሁ።

ኳስ ወርዋሪያችን ኢቡኪ ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲወረውር ቁርጥ አንተን። ደንቡ አሁን ተቀይሯል፤ አንድ ልጅ በሳምንት ውስጥ ከአምስት መቶ ኳስ በላይ በውድድር መወርወር አይችልም። በደብተሬ አንድ በአንድ ስቆጥር ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ላይ ነው። ለነገ መቶ አሥራ ዘጠኝ ይቀረዋል፤ ለአንድ ጨዋታ ይበቃል። ተመስገን ብዬ ነበር።

ትናንት ከልምምድ በኋላ የኢቡኪን ኳስ የሚቀበለውን የኩሮሴን ግራ እጅ አየሁት፤ አብጦ ዳቦ አክሏል። ምን ሆነህ ነው ብለው "ምንም ጋሼ" አለኝ። "እኔ እኮ ሳምንቱን ቀለል ያለ ልምምድ ነው ያዘዝኩት፤ ይሄን እጅ ማን ሲደበድበው ከረመ?" ስለው ዓይኑ እንባ ሞላ። ለካ ኢቡኪ በየማለዳው ከበረዶ ፋብሪካው ጀርባ ሰማንያ ሰማንያ ኳስ ይወረውርለታል! "ክንዴ እንዳይረሳ ነው" ይላል አሉ። ልምምዱን ደግሞ ደንቡ አይቆጥረውም። ስድስት ቀን ሙሉ! እኔ ሞኙ ደብተሬን ታቅፌ!

ኢቡኪን ጠርቼ ያምሃል ወይ አልኩት። "ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ!" ምን ሊል ኖሯል? እኛ ዘንድ አሰልጣኝ ሲጠይቅ ሌላ መልስ አለ እንዴ? በል ፊትህን ታጠብና ወደ ቤትህ ሂድ አልኩት። በግራ እጁ ብቻ ታጠበ። ቀኙ ታጥፎ ፊቱ ጋ አልደርስ አለው። ወንድምዓለም፣ አንተም ክርንህ በተበላሸበት በዚያ በጋ እንደዚያ ነበር የምትታጠበው። ከጎንህ ቆሜ አይህ ነበር።

መንደሩ ይሄን አያውቅም። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር ትልቅ ቀይ ዓሣ ይዞልኝ መጥቶ "ነገ ኢቡኪን ካላስገባህ ከእንግዲህ ዓሣ የሚባል አትቀምስም" አለኝና ስቆ ሄደ። እኔ ግን ቀልድ አልመሰለኝም። የልጁ እናትም "ለዚህች ቀን ነው የኖረው፣ እባክዎን" ብላ ጎንበስ አለችብኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ባስገባው ክንዱ፣ ባላስገባው ልቡ ይሰበራል። የትኛው ቶሎ ይጠገናል? አንተ ታውቀው ነበር፤ እንዳልጠይቅህ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፍሬ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኩሮሴ ቤቴ ድረስ መጣ። "ጓደኛዬን ከዳሁት አይደል ጋሼ?" እያለ ይንሰቀሰቃል። አንተ አልከዳኸውም፣ ዝም ብሎ ያየውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። አልገባውም፤ አፍጥጦ አየኝ። አባታችን ያኔ "ክንዱ እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቀው አንተን ብቻ አልነበረም፤ እኔንም ጠይቆኝ "ደህና ነው" ብዬዋለሁ።

እሱን ከሸኘሁ በኋላ የነገውን የተጫዋቾች ዝርዝር ጻፍኩ። ወርዋሪ በሚለው ቦታ የፀጉር አስተካካዩን ልጅ አስገባሁት፤ ኳሱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ኢቡኪ ከእኔ ጎን ይቀመጣል። ልክ ሠራሁ? እኔ እንጃ። ሁለቴ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ውጤቱን ሰምተሃል። ከተሸነፍን ሰው ሁሉ ይሰድበኛል፤ አንተ ብቻ አትስደበኝ። ወይም ስደበኝ፣ ግድ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሰድበኸኝ አታውቅም።

ሕመሙን ከክርንህ ያርቅልህ፤ ቤትህ በጤናና በልጆችህ ሳቅ ይሙላ።

ያኔ ኳስህን ይቀበል የነበረው
ታናሽ ወንድምህ