ላፕቶፑ አጠገብ ያለው ድንጋይ

የሺዋስ፣

ቁልፉን እትዬ ስሜነሽ ጋ ትቼዋለሁ። ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለ፤ ሳታሞቀው እንዳትበላ። ውሃ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ጀሪካኖቹ ሙሉ ናቸው።

አሁን ወደ ችሎቱ። «እኔ» ለማለት ስላፈርኩ ተከሳሽ እያልኩ ልጻፈው።

ተከሳሽ «አለቃዬ ሪፖርት ፈልጎብኛል፣ ደብረ ወርቅ አልመጣም» ብሎህ ለአባትህ ተዝካር ብቻህን ሄድክ። ሪፖርት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉን በቀልድ የሚያልፍ ሰው ሐዘንተኞች መሀል ተቀምጦ ምን ይላል? ፈራ።

ቤት ቀርቶ ያንን እንቆቅልሽ እየፈታን፣ ጠበቃ ሆነን የምንሟገትበትን ጌም ከፈተ። የመጨረሻውን ችሎት አብረን ልንጫወት ነበር የተባባልነው፤ አንተ እንቆቅልሹን ልትፈታ፣ እሱ እንደ ጥንቱ በላ ልበልሃ ቆሞ ሊሟገት። ብቻውን ጨረሰው። ባላጋራውን ሲረታ «በላ ልበልሃ!» እያለ ቢጮህ እትዬ ስሜነሽ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ነው? ጓደኛህ አባቱን ሊያዘክር ሄዶ የለም እንዴ?»

ጠበቃው ላፕቶፑን ከደነው።

በጌሙ ውስጥ ገዳዩ ማን እንደሆነ አልነግርህም። ተከሳሽ እንደማያውቅ ሆኖ አብሮህ ሊጫወትም አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም።

ለመስክ ሥራ ደጀን ሄጃለሁ። ይኼኛው እውነት ነው።

ላፕቶፑ አጠገብ ያስቀመጥኩት ድንጋይ ከግቢያችን የመጣ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው፤ አውቶቡሱ ቀደመኝ። እንዳትጥለው። እሑድ ተሸክሜው በር ላይ እቆማለሁ።

ይቅር ብለህ «አውርድ» የምትለኝ ከሆነ፣ ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ተዝካሩ ይሁን።

እንዳላማው