ከአባ ደባሱ እጅ የተወሰደው ስኒ

ይድረስ ጎንደር ላለችው ታላቅ እህቴ ለማሪቱ፤

እታለም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ክረምቱን እንዴት አለፈው? ትንሹን አለምነህን ያ ሳል ለቀቀው ወይ? መንገዱስ ሰላም ሆነላችሁ፣ ገበያ ወጥታችሁ በደህና ትመለሳላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ባሌ አለነም ደህና ነው፤ አገጩም ድኗል። የአገጩን ነገር እደርስበታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ስናወራ ድምፁን ከፍ ታደርጊውና ቤቱም ጎረቤቱም ይሰማኛል። ይህ ወሬ ደግሞ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ፣ እየሳቅሽም እየተቆጣሽም የምታነቢው ነው። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ለሚሄድ የጎረቤት ልጅ አስያዝኩት።

አሳፍ ልጄ ሚስት ሊያገባ ነው። ሊያገባ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሊቀር ነበር። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ልጅቷ አዲ ትባላለች፤ የያቭኔ ከተማ ልጅ ናት፣ ነርስነት ትማራለች። ፊቷ ደስ ይላል፣ ከመብል በኋላም ሳህኗን ይዛ ትነሳለች፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ዘሩ ተቆጠረ፣ እስከ ሰባት ትውልድ በአባትም በእናትም ዝምድና አልተገኘም። ሽማግሎቻችንም ሄደው ጠየቁ። የመጨረሻው ቃል ግን የአያቷ የአባ ደባሱ ነው፤ አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም “ልጄ የምትገባበትን ቤት ሳላይ እሺ አልልም” አሉ። ደግ ነው፣ ይዩ አልን።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። ልጅ ሆነን ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆመን ያየነው ትዝ ይልሻል? ሰውዬው ክንዱን ወደ ታች ሲጎትተው እንፋሎት የሚተፋው፣ ባለቤቱ ወጥቶ እስኪያባርረን ያፈጠጥንበት? የዚያ ታናሽ ወንድም አሁን የእኔ ማድ ቤት ውስጥ ተጎልቷል። ጣሊያን አገር አባትና ልጅ አንድ በአንድ በእጃቸው የሚሠሩት ነው ይላል አሳፍ። ሆዱ ናስ፣ የክንዱ መያዣ እንጨት ነው፤ ከሥሩ የሠሪው ስም ተቀርጾበታል። ኤሌክትሪኩ ውኃውን ያፈላል እንጂ ቡናውን የሚጨምቀው ውስጡ ያለ ሞላ ነው፤ ሞላውን የሚወጥረው ደግሞ የሰው ክንድ።

አሳፍ ከውትድርና ወጥቶ ጌዴራ ከተማ ቡና ቤት ሲሠራ ይህ ማሽን ተበላሽቶ እቃ ቤት ተጥሎ ነበር። ባለቤቱ አርጅቶ ሱቁን ሲዘጋ “አንተ ነህ የምትወደው፣ ውሰደው” ብሎ ሰጠው። ልጄ አሁን ቤኤር ቱቪያ ያለ ፋብሪካ ነው የሚሠራ፤ ከሥራ እየተመለሰ ክረምቱን ሙሉ ሲፈታው ሲገጥመው ከረመ። ውኃ እንዳያንጠባጥብ የሚይዘውን ጎማ ቀየረለት፣ ናሱን በሎሚ አሸለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን ወገቤን ሲያመኝ እንደዚያ አሽቶኝ አያውቅም።

አለነማ “ከጀበና የሚበልጥ ምን ሊያመጣ ነው ይህ ብረት!” ሲል ከርሞ፣ አንድ ቀን ልጁ በሌለበት ደብቆ ሞከረው። ቡናውን በሙቀጫ ወቅጦ ጨመረበታ! ማሽኑ የሚፈልገው እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሻካራ ሲሆን ውኃው ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሞላውም የሚይዘው ያጣና ክንዱን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ወረወረውና አገጩን አገኘው። በማግስቱ ፕላስተር ለጥፎ ጸሎት ቤት ሲሄድ ጎረቤቴ ሻኒ ምን ብላ አወራች? “ታፈሰች ባሏን መታችው!” እኔም አላስተባበልኩ። ለጥቂት ቀን ሰፈሩ ሁሉ እንዴት አከበረኝ መሰለሽ!

አባ ደባሱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከነዘመዶቻቸው መጡ። ነጭ ኩታ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፤ ሳሎኑ ጢም አለ። ጀበናዬን ላወጣ ስል አሳፍ “ኢማ፣ ዛሬ የማስተናግደው እኔ ነኝ” አለኝ። እዚህ ልጆች እናታቸውን ኢማ ነው የሚሉ። ደስ ብሎኝ ተውኩት፤ ሙያውን ይዩለት ብዬ።

የመጀመሪያውን ስኒ ለአባ ደባሱ ሰጠ። እሳቸውም ይዘው ተቀመጡ። ሥርዓታችንን ታውቂዋለሽ፤ ታላቅ ሰው ስኒውን ይዞ ለሁሉም እስኪዳረስ ይጠብቃል፣ ይመርቃል፣ ከዚያ ይጠጣል። ማሽኑ ደግሞ አንድ አንድ ስኒ ነው የሚሰጥ። ሁለተኛው ሰውም እሳቸውን አይቶ ያዘ፣ ሦስተኛውም ያዘ። የዚህ ቡና ወጉ ደግሞ ሌላ ነው። ከላዩ ወርቅ የመሰለ አረፋ ይሠራል፤ ወዲያው ካልጠጡት አረፋው ይጠፋል፣ ቡናው ይመርራል። አሳፍ አንዱን እየቀዳ ሌላውን ያያል፣ ላብ በላብ ሆኗል። “ሳባ፣ ጠጣ! ጠጣ እንጂ!” ይላቸዋል። ሳባ አያት ማለት ነው፤ አንቱታውን ግን እዚህ የተወለደ ልጅ ከየት ያምጣው? እሳቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? ጠጋ አለና ስኒውን ከእጃቸው ወሰደው። “ይሄ ተበላሽቷል፣ አዲስ አመጣልሃለሁ” ብሎ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ያልተመረቀ ቡና፣ ከሽማግሌ እጅ!

አባ ደባሱ ባዶ እጃቸውን አየት አደረጉ። “ዛሬ የሰጠኝን ቡና ቀዘቀዘ ብሎ ከእጄ ወስዶ የደፋ፣ ነገ ልጄን ቀዘቀዘች ብሎ አይደፋትም?” አሉና ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ። ዘመዶቻቸውም ስኒያቸውን እያስቀመጡ ተከተሏቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። አዲ እየደወለች ታለቅሳለች። አለነ ሽማግሌ ላከ፣ መልስ የለም። አሳፍ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኖ መንካቱን ተወ። አንድ ቀን ቢብሰኝ “እንዴት ከሽማግሌ እጅ ትነጥቃለህ?” ብዬ ጮኽኩበት። እንባው መጣ። “ኢማ፣ ለእሱ ብዬ እኮ ነው! የአዲን ሳባ የተበላሸ ቡና እንዴት ላጠጣው?” አለኝ። እታለም፣ ሽማግሌው ቡናውን የያዙት ለክብር፣ ልጁ የደፋው ለክብር። ሁለት ክብር ተጋጭቶ መሐሉ ላይ ያች ልጅ ቀረች።

በነጋታው አሳፍ “ያላ፣ ተነሱ! ያቺን ስኒ ሳልመልስለት አልቀርም” አለና ማሽኑን በእኔ ጋቢ ጠቀለለው። መኪናው ውስጥ ማሽኑ ቀበቶ ታስሮለት ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና አለነ እንደ ዕቃ ከኋላ ተጫንን። በመንገዳችን ያለችውን ጋን ያቭኔን እስክናልፍ አለነ “ሙሽራህ ይህ ብረት መሆኑ ዛሬ ታየ” እያለ አጉረመረመ።

ያቭኔ ስንደርስ ሊፍቱ ተበላሽቷል። አሳፍ ማሽኑን በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱ ጎብጦ፣ ደረጃውን ወጣው። እኛ እያለከለክን ከኋላ። አንኳኳሁ፤ በሩን የከፈቱት ራሳቸው አባ ደባሱ ናቸው።

አንቺ ብትኖሪ ገና ስታዪው ይገባሽ ነበር። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የተበደለው ደጃፍ ይቆም የለ? አባ ደባሱ በጋቢ የተሸፈነ ሸክም፣ ከሥሩም የጎበጠ አንገት አዩ። “አውርዱለት! ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱለት!” ብለው ጮኹ። አሳፍ ምን ያውቃል? “ቤሰደር፣ ችግር የለም ሳባ፣ ከባድ አይደለም። የት ላስቀምጠው?” አይል መሰለሽ! በክርኔ ጎኑን ወጋ አደረግሁት።

ጋቢው ሲገለጥ ማሽኑን አዩ። አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ ልጁን። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ድንጋይህ ይህ ነው?” አዲ በዕብራይስጥ ሹክ ብላ ነገሩን ስታስረዳው ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ያን ማንም አላስተማረው።

አባ ደባሱ በወጣትነታቸው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። ናሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና “ይህስ የሰው እጅ አለበት” አሉ። ትንሽ አሰቡ። “እንግዲህ ይህ ጉድ የማይጠብቅ ከሆነ፣ ምርቃቱ ይቅደመው” ብለው ገና ቡናው ሳይፈጭ ቆመው መረቁ፤ “የተጣላ ይታረቅ፣ የራቀ ይቅረብ፣ የልጆቻችን ጎጆ አይቀዝቅዝ” አሉ። አሜን አልን። ከዚያ “ክንዱንም እኔ ነኝ የምጎትተው” አሉ። ሲጎትቱት አለነ የራሱን አገጭ በሁለት እጁ ያዘ።

የመጀመሪያውን ስኒ አንስተው ለአሳፍ ሰጡት። “ጠጣ፣ ሳይቀዘቅዝብህ። ተመርቋል” አሉት። ልጄ በሁለት እጁ ተቀበለና ዝም ብሎ ያዘው። “ጠጣ እንጂ አንተ!” አሉት። “እጠብቃለሁ” አለ። አዲ ደረሳት፣ እኔ ደረሰኝ፣ አለነ ደረሰው፣ አረፋው ጠፋ፣ ስኒው በረደ። እሱ ንቅንቅ አላለም። አባ ደባሱ የራሳቸውን ይዘው ሲቀመጡ ነው በአንድ ጉንጭ የጠጣው። “እንዴት ነው?” አሉት። “ግሩም ነው፣ ሳባ” አለ። ፊቱን ብታዪው! ሕፃን ሳለ መድኃኒት ሲውጥ የሚያሳየው ፊት ነው።

አባ ደባሱ አዩት፣ አዩትና “ይህ ልጅ መዋሸት አይችልም። ልጄን ይውሰድ” አሉ። እልል ያልኩት እልልታ ሦስት ፎቅ ወረደ።

ሠርጉ ከሐኑካ በኋላ ነው። ማሽኑ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ አባ ደባሱ ጓደኞቻቸውን እየጠሩ ክንዱን ይጎትታሉ። አሳፍም “ማሽኑን ልየው” እያለ በየቀኑ ያቭኔ ነው፤ ማሽኑ እንዲህ የሚታመም ከሆነ ድሮም አልዳነም ነበር። ይልቅ ጥሬ የዘጌ ቡና ካገኘሽ ይህን ደብዳቤ ላመጣልሽ ልጅ አስይዥልኝ፤ አባ ደባሱ በዚህ ብረት ሊሞክሩት ይፈልጋሉ።

አለምነህን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ ማር በዝንጅብል ይጠጣ። ባዩሽን ትምህርትሽን እንዳትተዪ አክስትሽ ብላለች በያት። አማትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ ምርቃት ተቀበይልኝ፤ በግራ በቀኝ ላሉት ጎረቤቶችም ሰላምታዬ ይድረስ። የእናንተም ወደዚህ የመምጫ ጥሪ ደርሶ የምትገቡበትን ቀን ያሳየን። ለሠርጉ ባትደርሺ እንኳ ያንቺ ቦታ አይያዝም። ስኒያችንን ይዘን እንጠብቅሻለን፤ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም።

እህትሽ ታፈሰች
ቂርያት ማላኪ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.