ማንም ብቻውን እንዳይሰማ የኖሩት እናታችን

ዛሬ ልንሸኛቸው የቆምንላቸው እናታችን፣ የዛሬ ስልሳ ስድስት ዓመት ከባቡር ሐዲድ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ሲያወጉ፣ «የዕቃ ባቡሩ እያለፈ እንኳ የእሷ ልቅሶ ነበር የሚሰማው» ይሉ ነበር። ለሁለት ወንድሞቻቸው ታናሽ ቢሆኑም በቤቱ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው በሥራ ላይ እግራቸውን ሲጎዱ ቤቱን ለመደገፍ ትምህርታቸውን አቋረጡ። ከዚያ በኋላ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት ሰው ሲናገር ዝም ብለው በመስማት ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በከተማ አውቶቡስ ድርጅት በትኬት ቆራጭነት ተቀጠሩ። የፌርማታዎቹን ስም መጥራት ያን ጊዜ የትኬት ቆራጩ ሥራ ነበርና ከባቡር ጋር ሲፎካከር ያደገው ድምፃቸው መተዳደሪያቸው ሆነ። ሹፌሩ፣ «አንቺ ካለሽ ጥሩምባ ለምኔ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ትዳራቸውንም ያገኙት እዚያው ነው። በፈቃድ የመጡ አንድ የሠራዊቱ የጭነት መኪና ሹፌር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደው ሳይወርዱ ይመለሳሉ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እናታችን፣ «ወንድሜ፣ መውረጃህ አልፎሃል» ቢሏቸው፣ «ኧረ እኔስ ገና መሳፈሬ ነው» አሏቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተጋቡ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ልጃቸው ገና አፉን ሲፈታ ባለቤታቸው በግዳጅ ላይ ሳሉ አረፉ። ዜናው በስልክ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው መጣ። ተቆጣጣሪው ሥራ በዝቶበት ነበር፤ የትኬት ጥቅሉን በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያቀብላቸው፣ «እህቴ፣ ባለቤትሽ አልፏል ብለው ደውለዋል። በይ ቶሎ፣ መኪናው ሞልቷል» አላቸው። እናታችን ጥቅሉን ተቀብለው ተሳፈሩ። ፌርማታዎቹንም አንድ በአንድ እየጠሩ ሄዱ፤ አንድም አልዘለሉም። ተሳፋሪው ምንም አላወቀም። ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ የአውቶቡሱ ሹፌር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ ጣቶቻቸውን ከጨበጡት የወንበር ብረት ለማላቀቅ ብዙ ደከሙ። እናታችን ግን ተቆጣጣሪውን አንድም ቀን አልረገሙትም። «እሱ ምን ያድርግ፣ ማን አስተማረው?» ይሉ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ በሰፈራቸው ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ብቻውን እንዳይሰማ።

የወታደር ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበርን የመሠረቱት ከጎረቤታቸው ከሻምበሉ ጋር ነው። ሻምበሉ ከጦርነት የተመለሱት አንድ ጆሯቸውን እዚያው ትተው ነው። የማኅበሩ ቤት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ግድግዳዋ በምድጃው የተነሣ ሁልጊዜ ይሞቃል። እናታችን የሠራዊቱን ቢሮ ደጅ እየጠኑ አንድ ስምምነት አገኙ። መርዶ የያዙት መልእክተኞች በግራጫ መኪናቸው በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ እንዳይሄዱ፣ መጀመሪያ ወደ ማኅበሩ ክፍል እንዲመጡ ነው። ከዚያ እናታችንና ሻምበሉ አብረው ይሄዳሉ። እሳቸው ቀድመው ይገባሉ፤ እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ ያወርዳሉ፤ ልጆቹን ጎረቤት ትወስዳለች፤ ሴትየዋ ተቀምጣ፣ እጇ በሰው እጅ ውስጥ ሆኖ ትሰማለች።

ማኅበሩ ዋናውን ሥራ የሚጀምረው ግን ለቀስተኛው ሲበተን ነበር። ጡረታ ቢሮ አብሮ መሰለፍ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ መጠገን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጦር የሚመለሱትን ወታደሮች መቀበል። ለአዲስ አባል የሚሰጡት ትምህርት አጭር ነው፤ «ከጀርባው አትምጣበት። በሩን አታንኳኳበት፣ ከሩቅ ስሙን ጥራው። መግቢያውን ወደሚያይበት አስቀምጠው። እሱ ካወራ ስማው፣ ካላወራም አብረኸው ዝም በል።» ከቤት መውጣት አቅቷቸው የነበሩ ስንት ሰዎች በዚህ መንገድ ታግዘው ዛሬ ሥራ ይዘው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ እዚህ ቆመዋል።

ነገር ግን ደግነታቸው ሳያስቡት ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ከሻምበሉ ጋር በመንገድ ሲታዩ መስኮት መዘጋት ጀመረ። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት እጇ ገመዱ ላይ ይቀራል። ባለዳቦዋ ዳቦውን ስታቀብላቸው ዓይናቸውን አታይም። ከኋላቸው «መርዶ» የሚል ስም ወጣላቸው። እናታችን ይህን ሲሰሙ አንድ ዘዴ አሰቡ። መምጣታቸው ምንም እንዳይመስል፣ የወታደር ቤተሰብ ያለበትን ቤት ሁሉ በየቀኑ መጎብኘት ጀመሩ። ሁለት ልጆቿ በሠራዊቱ ያሉባት ልብስ አጣቢ ጎረቤታቸው ግን አንድ ማለዳ በሩ ላይ አቆመቻቸው። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አይምጡብኝ። እርስዎ በመጡ ቁጥር ሁለቱንም ቀብሬ ነው በሩን የምከፍተው» አለቻቸው። እናታችን ቆመው ሰሟት፣ ይቅርታም ጠየቋት።

ከዚያ በኋላ፣ ከጦር ከተመለሱት ወታደሮች የተማሩትን ከሩቅ መጣራት ለሴቶቹም አደረጉት። ተራ ጉብኝት ሲሆን፣ ከአናጺው ሱቅ ጥግ ጀምረው በዚያ የአውቶቡስ ድምፃቸው፣ «እኔ ነኝ! ለሐሜት ነው የመጣሁት፣ ወንበር አዘጋጁ!» እያሉ ይጣራሉ። ከየቤቱም፣ «ሐሜቱ ትኩስ ከሆነ ይግቡ!» የሚል ሳቅ ይመለስላቸዋል። «መርዶ» መባላቸው ቀርቶ «እማማ ደወል» ተባሉ። ሰፈሩ ለዓመታት በዚህ ድምፅ ኖረ። ሴቶቹ ሽንኩርት ሲከትፉም፣ ልጅ ሲያጥቡም አንድ ጆሯቸው ወደ ጥጉ ነበር። ያለዚያ ጥሪ የእግር ኮቴ ብቻ የመጣባቸው ቀኖችም ነበሩ። በእነዚያ ቀኖች ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ወደ ማን ቤት እንደሆነ ብቻ ነው።

አንድ ልጃቸው አድጎ እንደ አባቱ ሠራዊቱን ተቀላቀለ። «አባትህን የወሰደ መንገድ ነው፣ ልጄ» ቢሉት፣ «እማዬ፣ ሰው ብቻውን አይተው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ አልተከራከሩትም። አግብቶ፣ ሚስቱ ልጅ እንዳረገዘች ሩቅ ተመደበ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ኋላም ጠፋ። ግራጫዋ መኪና ወደ ዳቦ ቤቱ መመላለሷን አበዛች። እናታችን በየጊዜው ወጥተው መልእክተኞቹን ሲቀበሉ፣ «የማን ቤት?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ እንደነበር ሻምበሉ ይናገራሉ።

ሕመማቸው በድምፅ መጎርነን ጀመረ። ብርድ ነው ብለው ናቁት። ሐኪሞች በጉሮሯቸው ላይ ክፉ ነገር እንዳለ ሲነግሯቸውም ለማንም አላወሩም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለምራታቸው ፍራፍሬ ይዘው ሲሄዱ፣ ጥጉ ጋ ደርሰው አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ የለም። እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ምራታቸው ደረጃው ላይ ቆማ አይታቸዋለች። እናታችን ፍራፍሬውን ጥለው እጃቸውን አወዛወዙ፣ አጨበጨቡ፣ ሳቁ። «ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አለቀ አልኩ» ትላለች ምራታቸው። ከደረጃው ወደቀች። ልብስ አጣቢዋ ጩኸት አሰማች፤ መንገዱ ሁሉ ወጣ። መርዶ እንዳልመጣ ሊናገሩ የሚችሉት እናት ድምፅ አጥተው መሐል ቆመው ሳሉ፣ ሞቱ ላልታወቀ ሰው ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰ። ሕፃኗ ወሯ ሳይደርስ በዚያው ቀን ተወለደች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው።

እናታችን ማኅበሩን ሰበሰቡ። እሳቸው በሹክሹክታ ሲናገሩ፣ ሻምበሉ ደኅናውን ጆሯቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ለሰው ያሰሙ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው። የዚህን ሁሉ ሰው ነፍስ በአንድ ጉሮሮ ላይ አንጠለጠልኩት» አሉ። አንዷ አባል፣ «እማማ፣ እንደሱ አይበሉ» ብትል፣ «አትሸንግይኝ፣ ሥራ አለብን» አሏት። በዚያው ስብሰባ ሥራው ተከፋፈለ፤ በየመንገዱ ሁለት ሴቶችና አንድ ከጦር የተመለሰ ወታደር ተመደቡ። ከእንግዲህ ዝምታ ምልክት አይሆንም፤ መርዶ ካለ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ እጅ ይዞ በቃል ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። በየማለዳው ምራታቸውን በዓይን ይጠይቃሉ፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከልጃቸው ወሬ የለም። በመጨረሻው ቀን ሻምበሉን ጠርተው፣ «ለልጄ በስልክ እንዳትነግሩት። ሁለት ጓደኞቹ አጠገቡ ይቀመጡ፤ ከዚያ ይስማ» ብለው አደራ ሰጡ። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ምራታቸውና ሻምበሉ እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

እናታችን አንድ ልጅ፣ አንዲት ምራት፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ሁለት ወንድሞችና እዚህ የቆመውን ማኅበር ትተውልን ሄደዋል። አደራቸውን ለመፈጸም ማኅበሩ በዚያው ቀን የልጃቸውን የጦር ክፍል ጠይቋል፤ ይህ እስከሚነበብ ድረስ መልስ አልመጣም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወደ ግንባር የሚደውል ካለ፣ ስለ እሳቸው ብላችሁ ይህን ዜና እንዳታወሩ እንለምናለን።

የሰውን ሐዘን አብረው ሲሸከሙ የኖሩትን እናታችንን እግዚአብሔር በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ልጃቸውንም ይህን መርዶ ለመስማት ያብቃልን።